የቤት እድሳት ሥራ ክርክር አፈታት በኢትዮጵያ

የቤት እድሳት ክርክር የሚባለው፣ ባለቤቱ ልስን፣ ሴራሚክ፣ ቀለም፣ ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክ ወይም ጣሪያ ለማሠራት ከአንድ ባለሙያ ጋር ተስማምቶ ሥራው እንደ ስምምነቱ አልሆነም ሲል የሚነሳው አለመግባባት ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች እንዲህ ያለው ሥራ በአብዛኛው በትውውቅ ወይም በደላላ አማካይነት፣ በቃል ስምምነት ስለሚያዝ ጠብ ሲነሳ ሕጉ በቦታው እያለ ማስረጃው ይጎድላል።

ሥራው የሚሰጠው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው። በ«እጅ ዋጋ» ስምምነት ባለቤቱ ሲሚንቶውን፣ አሸዋውን፣ ሴራሚኩንና ቀለሙን ራሱ ገዝቶ ያቀርባል፤ ባለሙያው የሚከፈለው ለሙያውና ለጉልበቱ፣ ብዙ ጊዜም በካሬ ሜትር ተሰልቶ ነው። «ከነዕቃው» ሲሆን ግን ባለሙያው ዕቃውንም ጨምሮ በቁርጥ ዋጋ ይይዘዋል። ልዩነቱ በስምምነቱ ቀን ቀላል ይመስላል፤ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ጥፋቱ የእጅ ነው ወይስ የዕቃ የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ግን ከዚያ ነው። ልስን ሲላጥ ባለሙያው አፈር የበዛበትን አሸዋ ይወቅሳል፤ ባለቤቱ በበኩሉ ሲሚንቶው አንሶ እንደተቦካ ይጠረጥራል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ ልስንና ኮንክሪት ከተሠሩ በኋላ ለቀናት፣ ኮንክሪት ሲሆን ቢያንስ ለ7 ቀናት ያህል፣ ውሃ መጠጣት አለባቸው፤ ውሃውን ማን እንደሚያጠጣ ግን ሲዋዋሉ የሚያነሳው የለም። የሴራሚክ ጉድለት ሲንኳኳ ይታወቃል፤ ከሥሩ ማጣበቂያ ያልሞላው ንጣፍ ባዶ ድምፅ ያሰማል፣ ውሎ አድሮም ይነሳል። የመታጠቢያ ቤት ወለል ወደ ማፍሰሻው አለማዘንበሉን የመጀመሪያው ባልዲ ውሃ ያጋልጣል። ጣሪያ ግን በበጋ ተሠርቶ፣ በበጋ ተከፍሎበት፣ የሚፈተነው በሐምሌ ነው።

ከክፍያው ውስጥ ብዙ ክርክር የሚያስነሳው ቀብድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ቀብድን የውል መኖር ማስረጃ አድርጎ ያየዋል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለም ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ሲያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ሲያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። በእድሳት ሥራ ላይ «ቀብድ» እየተባለ የሚሰጠው ገንዘብ ግን በአብዛኛው ለዕቃ መግዣ ወይም ለሥራ ማስጀመሪያ የሚውል ቅድሚያ ክፍያ ስለሆነ፣ በደረሰኙ ላይ ምንነቱ በአንድ ቃል ካልተጻፈ እጥፍ ይመለስልኝ የሚለው አቤቱታ በዚሁ ይሰናከላል። በትልልቅ ግንባታዎች ከክፍያው ጥቂቱን እስከ ርክክብ ይዞ ማቆየት የተለመደ ሲሆን፣ በቤት እድሳት ግን ባለቤቱ ከባለሙያው ዓይን አፍሮ ሥራው ሳያልቅ ሁሉንም ከፍሎ ይጨርሳል።

ሕጉ የሥራ ውልን፣ ማለትም የቅጥር ሳይሆን አንድን ሥራ በዋጋ ሠርቶ ለማስረከብ የሚደረገውን ውል፣ ሲተረጉም (ቁጥር 2610) ሥራ ተቋራጩ በራሱ ኃላፊነት አንድን ውጤት ለማስገኘት የሚገባው ግዴታ ነው ይላል። ስለዚህ ባለሙያው ቀኑን ሙሉ ሲለፋ መዋሉ ብቻ ነፃ አያወጣውም፤ የሚጠየቀው ስለ ውጤቱ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከቱ የሥራ ውሎች ከቁጥር 3019 ጀምሮ የራሳቸው ድንጋጌዎች አሏቸው። ከነዚህ ውስጥ ቁጥር 3039 ተቋራጩ ሥራው በደንብ ስለመሠራቱና ስለ ጽናቱ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ዋጋ የለውም። የሕጉ አርቃቂ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ እንደነበሩ ለሚያውቅ፣ የ10 ዓመቱ ዋስትና ከ1804 (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጋር ያለው ዝምድና አያስገርመውም። ይህን አንቀጽ የሚያውቅ የቤት ባለቤት ግን ብርቅ ነው።

የክርክሩ ዋነኛ መሰናክል የሚገኘው በቁጥር 1772 ዙሪያ ነው። በዚህ ድንጋጌ መሠረት ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ለተቃራኒው ወገን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ በማስጠንቀቂያውም ለማስተካከያ የሚሆን በቂ ጊዜ ሊወሰን ይችላል። በተግባር ግን የተናደደ ባለቤት በማግስቱ ሌላ ባለሙያ ይጠራል፣ አዲሱም ሥራውን የሚጀምረው የፊተኛውን ሥራ አፍርሶ ነው። በዚህ ጊዜ ጉድለቱ ከነማስረጃው ከፍርስራሹ ጋር ይጫናል፤ የፊተኛው ባለሙያም «እኔ የሠራሁት ደህና ነበር፣ ዕድሉን ባገኝ አስተካክለው ነበር» የሚል፣ ለማስተባበል የሚያስቸግር መከላከያ ያገኛል። በሌላ ሰው አሠርቶ ወጪውን ከፊተኛው መጠየቅን ሕጉ በቁጥር 1777 ያውቀዋል፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ግን በዳኛ ነው። ስለዚህ ከማፍረስ በፊት ፎቶግራፍ ማንሳት፣ የተሠራውን መለካት፣ ጉዳዩ የማይነካው ሌላ ባለሙያ ዐይቶ በጽሑፍ እንዲያስቀምጠው ማድረግና ቀን የተጻፈበት ማስጠንቀቂያ መስጠት ከሁሉ ይቀድማል። ማስጠንቀቂያውን ባለሙያው ላለመቀበል ቢያንገራግር በምስክር ፊት መስጠት ይበጃል።

አብዛኛው ጉዳይ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽማግሌ ያልቃል። ሽማግሌዎቹ ብዙ ጊዜ ሥራውን ያገናኘውን ሰው፣ አንድ የሰፈር አዋቂና ሙያውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ያካትታሉ፤ የመጨረሻው ዓይነት ሰው ከሌለ እርቁ ስለ ገንዘብ ብቻ ይሆንና ጉድለቱ ባለበት ይቀራል። የተለመደው መፍትሔ ባለሙያው ጉድለቱን በራሱ ጉልበት እንዲያስተካክል፣ የተበላሸውን ዕቃ ሁለቱ ወገኖች እንዲካፈሉና ቀሪው ክፍያ ከዚያ በኋላ እንዲፈጸም ነው። ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ ከተፈረመበት እንደ ግልግል ውል፣ ማለትም ክርክርን በስምምነት እንደሚጨርስ ውል፣ ሊቆጠር ይችላል፤ በቁጥር 3312 መሠረትም በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይጸናል። መደበኛ የዕርቅና የግልግል ዳኝነት ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 ተደንግጓል፤ ለአንድ መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ግን ይህን መንገድ የሚሄድ ጥቂት ነው።

ሽማግሌ ካልሆነለት ባለቤቱ ክስ ይመሠርታል። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ፍርድ ቤት መር አስማሚነት፣ ማለትም ተከራካሪዎቹን በፍርድ ቤቱ ሥር በአስማሚ የማስታረቅ ሥርዓት፣ እውቅና ስላገኘ ጉዳዩ ከሙግት በፊት በዚያ ሊያልቅ ይችላል፤ ካልሆነ ዳኛው በባለሙያ እንዲጣራ ያዝዛል። ንግድ ፈቃድ ካለው ድርጅት ለተገዛ አገልግሎት የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሌላ መንገድ ይከፍታል፤ በግሉ የሚሠራና ፈቃድ የሌለውን ግንበኛ በዚህ መያዝ ግን ይከብዳል። ፍርዱን ማስፈጸምም የራሱ ፈተና አለው፤ ባለሙያው ከሥራ ወደ ሥራ የሚዘዋወርና ቋሚ አድራሻ የሌለው ሲሆን፣ መጥሪያ እንኳ ለማድረስ በውሉ ቀን የመታወቂያውን ቅጂና የአንድ ተያዥ ስልክ የወሰደ ባለቤት ብቻ ነው የሚቀናው።