ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚለወጠው «የሰውነት ስብጥር» ምንድን ነው?

ሚዛን ስንት ኪሎ እንደሄደ ይናገራል። ምን እንደሄደ ግን አያውቅም። የሰውነት ስብጥር የሚባለው ነገር የሚመልሰው ይህንን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው፤ ክብደታችን ስንቱ ስብ ነው፣ ስንቱስ ጡንቻ፣ አጥንት፣ ውሃና የውስጥ አካል ነው? ቁመታቸውም ኪሏቸውም እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች በዚህ በኩል ጨርሶ ላይመሳሰሉ ይችላሉ።

በብዛት የሚሠሩት ቀዶ ሕክምናዎች ሁለት ናቸው። በስሊቭ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል። በባይፓስ ደግሞ ከጨጓራው አናት ላይ ወደ 30 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ተለይታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትቀጠላለች። በሁለቱም ሰውየው ጥቂት ቀምሶ ይጠግባል። ሰውነቱም ያጠራቀመውን መብላት ይጀምራል።

አብዛኛው የሚሄደው ስብ ነው። በሆድ ዕቃ ዙሪያና በጉበት ውስጥ የተከማቸው ክፉ ስብም አብሮ ይቀንሳል። ትልቁ ትርፍ ይህ ይመስለኛል፤ መስታወት ፊት ባይታይም።

ችግሩ ስቡ ብቻውን አለመሄዱ ነው። ከሚቀንሰው ክብደት በግምት ከ20 እስከ 30 በመቶው ስብ ያልሆነ ነገር ነው። 40 ኪሎ ለቀነሰ ሰው ከ8 እስከ 12 ኪሎ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ጡንቻ ነው ብሎ መደንገጥ ግን አያስፈልግም። ውሃም አለበት። ደግሞም ከባድ ሰውነት ሲሸከም የኖረ እግር ጡንቻው ስለሚዳብር፣ ሸክሙ ሲቀንስ እሱም ትንሽ መቀነሱ አይቀርም። ይህ ኪሳራ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ከዚያ እየረገበ ይሄዳል።

ለምን በነዚህ ወራት? ጡንቻ የሚሠራበትን ፕሮቲን አስቡት። ብዙ ጊዜ የሚመከረው በቀን ቢያንስ 60 ግራም ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። ስለዚህ በእንቁላል ብቻ ቢሆን 10 መብላት ሊኖርበት ነው፤ አንዱን እንኳ በመከራ ለሚጨርስ ሰው! የፕሮቲን ዱቄት የሚታዘዘው፣ ማዕድ ላይም «መጀመሪያ ፕሮቲኑን» የሚባለው ለዚህ ነው። ከሐኪም ፈቃድ በኋላ ክብደት ማንሳትና መሰል ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ይጨመርበታል። እሱ በተለይ የጡንቻን ጥንካሬ ይጠብቃል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ከወንበር መነሳት፣ ደረጃ መውጣት ከበፊቱ ይቀላል። ሰው ታዲያ ጠነከርኩ ይላል። ጡንቻው ግን ቀንሶ፣ ሸክሙ ከሱ ይበልጥ ስለቀነሰ ብቻ ሊሆን ይችላል።

አጥንትም ይነካል፤ ከባይፓስ በኋላ ይብሳል። ካልሲየም እንደ ድሮው ወደ ሰውነት አይገባም፣ አጥንቱ የሚሸከመውም ክብደት ይቀንሳል። በተለይ የዳሌ አጥንት፣ የሰውነቱ ክብደት መውረድ ካቆመ በኋላም መሳሳቱን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ «ድኛለሁ» ተብሎ የሚተው መድኃኒት አይደለም።

ስብጥሩን በደንብ የሚለካው ዴክሳ የሚባለው የራጅ ምርመራ ነው። በእግር የሚቆሙበት፣ ደካማ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ሚዛን ርካሽና ቀላል ነው፤ ግን የሰውነት ውሃ ሲዛባ እሱም ይዛባል። ያለው እሱ ብቻ ከሆነ በዚያው ሚዛን፣ ጠዋት፣ ምንም ሳይቀምሱ መለካት ነው። የአንዱን ቀን ቁጥር ሳይሆን የወራቱን አካሄድ ይመልከቱ።