ስቴትመንት ኦፍ ፐርፐዝ ምንድን ነው? ፐብሊክ ፖሊሲ ለመማር አፕላይ ለምታደርጉ

ባለፈው ወር አንዲት ጓደኛዬ ለማስተርስ የምታመለክትበትን ጽሑፍ "እስቲ እየው" ብላ ላከችልኝ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ "ከልጅነቴ ጀምሮ ሕዝቤን የማገልገል ጽኑ ፍላጎት ነበረኝ።" እውነቷን ነው። ሳውቃት ለራሷ ጉዳይ ከምትሮጠው ለሰው ጉዳይ የምትሮጠው ይበልጣል። ግን ያንን ዓረፍተ ነገር የሚያነበው ሰው እሷን አያውቃትም። የዚያኑ ቀን ጠዋት ይህንኑ ነገር በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ አንብቦት ይሆናል፤ ያም ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል። ስሟን አጥፍታችሁ የሌላ ሰው ስም ብታስገቡበት ምንም አይለወጥም። እዚያ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

እኔም አፕላይ ሳደርግ የሠራሁት ስህተት ስለሆነ፣ ይህ ስቴትመንት ኦፍ ፐርፐዝ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ፣ በተለይ ፐብሊክ ፖሊሲ (የመንግሥት ፖሊሲ ጥናት) ወይም ፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን (የመንግሥት አስተዳደር) ለምታመለክቱ፣ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ስቴትመንት ኦፍ ፐርፐዝ ከማመልከቻ ጋር የሚላክ የዓላማ መግለጫ ነው። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 1000 ቃል ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ገጽ በሉት። አውሮፓ ውስጥ ሞቲቬሽን ሌተር የሚሉት ብዙ ናቸው። ሲቪ የሠራችሁትን ይናገራል፣ ትራንስክሪፕት ውጤታችሁን ይናገራል፣ ሪኮመንዴሽን ሌተር ደግሞ ሌላ ሰው ስለ እናንተ የሚያስበውን። ወዴት እየሄዳችሁ እንደሆነና ለምን በዚህ መንገድ እንደምትሄዱ በራሳችሁ አንደበት የምትናገሩት ግን ስቴትመንቱ ላይ ነው። ፐርሰናል ስቴትመንት ከሚባለው ጋር አታምታቱት። እሱ ስለ አስተዳደጋችሁ፣ ስላለፋችሁበት ሕይወት ያተኩራል። ሁለቱንም የሚጠይቁ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ያኔ አንዱን ታሪክ ሁለቱም ላይ ከጻፋችሁ ከሁለት ዕድል አንዱን በከንቱ አቃጠላችሁ ማለት ነው።

ፖሊሲ ትምህርት ቤቶች ይህን ጽሑፍ ለምን እንደዚህ ከቁም ነገር ይቆጥሩታል? ፊዚክስ ለመማር የሚያመለክት ሰው ከሞላ ጎደል ፊዚክስ ወይም ሒሳብ ተምሮ የመጣ ነው። ፖሊሲ ክፍል ውስጥ ግን ሐኪም፣ ጠበቃ፣ መሐንዲስ፣ ጋዜጠኛ፣ አስተማሪ ጎን ለጎን ይቀመጣል። አንድ የሆነ የመግቢያ በር የለውም። ስለዚህ አድሚሽን ኮሚቴው "ይህች ነርስ እዚህ ምን ትሠራለች?" ብሎ ሲጠይቅ መልሱን የሚያገኘው ከዚህ ወረቀት ነው። ደግሞም ዲግሪው የሥራ ዲግሪ ነው። ለፒ ኤች ዲ የሚጻፍ ስቴትመንት "ምን ልመራመር ነው?" የሚለውን ይመልሳል። እዚህ ጥያቄው "ተመርቄ ምን ልሠራበት ነው?" ነው። ብዙ ሰው ይህንን ልዩነት ሳያውቅ የምርምር ፕሮፖዛል ጽፎ ይልካል።

ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ነገር ማጥራት አለባችሁ፤ ኤም ፒ ኤ (የፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን ማስተርስ) እና ኤም ፒ ፒ (የፐብሊክ ፖሊሲ ማስተርስ) የሚባሉትን። ፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን ቀደም ያለው ነው። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ዉድሮው ዊልሰን ገና መምህር ሳለ በፈረንጆቹ 1887 ስለ አስተዳደር ጥናት የጻፈው ጽሑፍ እንደ መነሻ ይጠቀሳል፤ የሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲው ማክስዌል ትምህርት ቤት በ1924 ተከፈተ። ትኩረቱ መሥሪያ ቤት እንዴት ይመራል፣ በጀት እንዴት ይያዛል፣ ሠራተኛ እንዴት ይተዳደራል የሚለው ላይ ነው። ፐብሊክ ፖሊሲ እንደ ራሱ ዲግሪ የመጣው ዘግይቶ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው፤ አሜሪካ ያለው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ፖሊሲ ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1969 ነው። ይኼኛው ኢኮኖሚክስና ስታቲስቲክስ ይበዛበታል፤ "ከነዚህ ሦስት አማራጮች የትኛው ይሻላል፣ በምን እናውቃለን?" ይላል።

ልዩነቱ ይህ ነው ቢባልም ስሙን ብቻ አይታችሁ እንዳትወስኑ። ሃርቫርድ ኬኔዲ ስኩል ውስጥ ኤም ፒ ፒ የሁለት ዓመት ሲሆን በሥራ ዓለም ገና ለጀመሩ ሰዎች ነው፣ ለባለ ብዙ ልምዶች የተዘጋጀው የአንድ ዓመቱ ደግሞ ኤም ፒ ኤ ነው። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሄዳችሁ ስታዩ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ፦ የሁለት ዓመቱ ኤም ፒ ኤ ነው፣ ለልምድ ባለቤቶች የሆነው የአንድ ዓመቱ ኤም ፒ ፒ። እዚያው ሃርቫርድ ያለው በዓለም አቀፍ ልማት ላይ የሚያተኩረው ኤም ፒ ኤ ደግሞ ስሙ አስተዳደር ቢልም ማይክሮ ኢኮኖሚክስ፣ ማክሮ ኢኮኖሚክስና ከፍ ያለ ካልኩለስ ወስዳችሁ እንድትመጡ ይጠይቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የኮርሱን ዝርዝር አንብቡ። ስሙን ትታችሁ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ምን ምን እንደሚያስተምሩ እዩ። መሥሪያ ቤት መምራት ለሚያስተምር ፕሮግራም ስለ መረጃ ትንተና ብቻ ከጻፋችሁ፣ ወይም የተገላቢጦሽ ከሆነ፣ ጽሑፉ የቱንም ያህል ቢያምር አይገጥምም።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ረቂቋ መሐል ላይ እንዲህ የሚል ነበረ፦ "በጤናው ዘርፍ የሚታየውን የአቅርቦት ችግር ለመፍታት የበኩሌን አስተዋጽኦ ማበርከት እፈልጋለሁ።" ደወልኩላት። "የትኛው አቅርቦት? ምን አይተሽ ነው?" አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ማውራት ጀመረች።

የመድኃኒት ሪፖርት የምትሰበስብበት ሥራ ላይ ነበረች። አንድ ጤና ጣቢያ የደም ግፊት መድኃኒት አልቆበት ሕመምተኛ ይመልሳል። በመኪና አርባ ደቂቃ የሚርቀው ሌላው ጤና ጣቢያ ግን ያንኑ መድኃኒት ሁለት ካርቶን ይዞ ተቀምጧል፤ ጊዜው ሊያልፍ የቀረው ሁለት ወር ነው። አንዱ ለሌላው እንዲያስተላልፍ የሚፈቅድ ቅጽ የለም። ዕቃው መመለስ ያለበት ወደ ዋናው መጋዘን ነው፣ ከዚያ እንደገና መጠየቅ ነው፤ እስከዚያ ጊዜው ያልፋል። እሷና ሁለቱ ፋርማሲስቶች ተደዋውለው በራሳቸው ኃላፊነት አዛወሩት። ሕመምተኛው መድኃኒቱን አገኘ። ኦዲት ሲመጣ ግን "በየትኛው ደንብ?" ተብለው ማብራሪያ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ማንም ደግሞ አልሞከረውም።

"ታዲያ ይህንን ለምን አልጻፍሽውም?" አልኳት።

"ትንሽ ነገር መሰለኝ" አለችኝ።

ትንሽ አይደለም። እንዲያውም ፖሊሲ ማለት እሱ ነው። ደንቡን ያወጣው ሰው ስርቆት ለመከላከል ብሎ ነው ያወጣው፤ ጥሩ ምክንያት ነበረው። ውጤቱ ግን መድኃኒት መጋዘን ውስጥ እንዲበላሽ ሆነ፣ ጥሩ የሠራው ሠራተኛ ደግሞ ተጠያቂ ሆነ። ደንብ፣ ሰው ደንቡን አይቶ የሚያደርገው ነገር፣ ያልታሰበ ጉዳት፤ ሦስቱም አንድ ካርቶን ውስጥ አሉ። ይህንን ያየ ሰው "የአቅርቦት ችግር" ብሎ ሲያልፈው ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው ረቂቋ በዚያ ካርቶን ጀመረ። ከዚያ ደግሞ እኔ ያልነገርኳትን፣ በጣም የወደድኩትን ነገር ጨመረች፦ "ደንቡ እንዲሻሻል ለአለቃዬ ሐሳብ አቀረብኩ። 'ቢሻሻል ምን ያህል ብክነት ይቀንሳል?' ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። መቁጠር እችል ነበር፤ መለካት ግን አልቻልኩም።" በቃ። ለምን መማር እንደፈለገች አንድ ገጽ ሙሉ ማብራራት አላስፈለጋትም። የምታውቀውን ነገረችን፣ የጎደላትን ነገረችን። ከዚያ በኋላ "የፖሊሲ ውጤት ግምገማና የመንግሥት በጀት ኮርሶችን የምፈልገው ለዚህ ነው" ስትል አንባቢው ራሱ ቀድሟት ደርሷል።

ብዙዎቻችን የጎደለንን መጻፍ እንፈራለን። ደካማ የምንመስል ይመስለናል። ግን ሁሉን የሚያውቅ ሰው ለምን ትምህርት ቤት ይገባል? የጎደለው ነገር በግልጽ ካልተጻፈ፣ ዲግሪው ለጌጥ የሚፈለግ ይመስላል።

"ለምን እኛን መረጥክ?" የሚለው ክፍል ላይ ደግሞ አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። የትምህርት ቤቱን ስም አውጡና የሌላ ትምህርት ቤት ስም አስገቡ። አንቀጹ አሁንም ልክ ከሆነ እንደገና ጻፉት። "በዓለም ታዋቂ የሆኑ መምህራን ያሉበት" ለሁሉም ይሆናል። የፕሮፌሰር ስም መደርደርም አያድንም፣ በተለይ ሥራቸውን ሳታነቡ ከድረ ገጽ ላይ ብቻ ከለቀማችሁት። አንድ ኮርስ፣ ወይም ተማሪዎች ለእውነተኛ መሥሪያ ቤት የሚሠሩት የመመረቂያ ፕሮጀክት ካለ እሱን፣ ከራሳችሁ ችግር ጋር አያይዙት። አንድ በደንብ የተያያዘ ነገር ከስድስት ስም ይበልጣል።

ሒሳብ የሚያስፈራችሁ ካላችሁ፣ እዚህም ስቴትመንቱ ይረዳል። ኮሚቴው ስለ ሥነ ጽሑፍ ወይም ሕግ ምሩቅ የሚያስበው አንድ ስጋት አለ፤ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ስታቲስቲክስና ኢኮኖሚክስ ይወጣዋል ወይ? ዝም ብላችሁ አትለፉት። ስታቲስቲክስ በኦንላይን ወስዳችሁ ከሆነ፣ ሥራ ላይ በኤክሴል ሪፖርት ስትተነትኑ ከነበረ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡት። አንድ ሴሚስተር ላይ ውጤታችሁ ወድቆ ከሆነም ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግራችሁ ቀጥሉ። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ሰበብ ይሆናል።

ስለ ልምድ ብዙ ጥያቄ ይመጣልኛል። ሁለትና ሦስት ዓመት ከሠራችሁ በኋላ ማመልከት የሚመከረው የምትጽፉት ችግር እንዲኖራችሁ ነው። ቼቪኒንግን (የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠውን) የመሰለ ስኮላርሺፕ ደግሞ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ በግልጽ ይጠይቃል፤ 2800 ሰዓት ብሎ ያሰላዋል። ገና የተመረቃችሁ ከሆናችሁ ግን ተስፋ አትቁረጡ፣ በበጎ ፈቃድ የሠራችሁት ወይም የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ላይ በቅርብ ያያችሁት ነገር ካለ ይሆናል። አስተዳደጋችሁን ከመተረክ ይሻላል።

አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከስቴትመንቱ ሌላ ፖሊሲ ሜሞ ያስጽፋሉ። ፕሪንስተን አንዱ ነው። ሜሞ ላይ እናንተ የላችሁበትም። ችግሩ ይህ ነው፣ አማራጮቹ እነዚህ ናቸው፣ የምመክረው ይህንን ነው ብላችሁ ለአንድ ውሳኔ ሰጪ ትጽፋላችሁ። ስቴትመንቱን ቆርጣችሁ ሜሞ ላይ አትለጥፉ።

ሪኮመንዴሽን የሚጽፉላችሁን ሰዎች ስትጠይቁ ረቂቃችሁን አብራችሁ ላኩላቸው። እናንተ ስለ መድኃኒቱ ስትጽፉ አለቃችሁ "ትጉህና ሰዓት አክባሪ ናት" ብሎ ብቻ ከጻፈ ሁለቱ ደብዳቤዎች አይተዋወቁም። ረቂቁን ካነበበ ግን ያንን ቀን እሱም ያስታውሰዋል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ መስከረም አካባቢ ለሚጀምሩ ፕሮግራሞች የብዙዎቹ ዴድላይን በፈረንጆቹ ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። ከሦስት ወር በፊት ጀምሩ። የቋንቋ ፈተና ውጤት፣ ቶፍልም ሆነ አይኤልትስ፣ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው፤ ድሮ የተፈተናችሁ ካላችሁ ቀኑን እዩት። ጂ አር ኢ የሚባለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ውጤት አምስት ዓመት ይቆያል፣ ግን የማይጠይቁት በርክተዋል።

የሌላ ሰው ሳምፕል እያያችሁ አትጻፉ። ማንበብ ከፈለጋችሁ የራሳችሁን የመጀመሪያ ረቂቅ ከጨረሳችሁ በኋላ አንብቡ፤ አለበለዚያ የሰውየው አረማመድ ውስጥ ትገባላችሁ። ረቂቁ ሲያልቅ ሥራችሁን ለማያውቅ ሰው ስጡት። "ወደድከው?" ብላችሁ አትጠይቁት፣ ወዳጅ ከሆነ ወደድኩት ነው የሚለው። ወረቀቱን ተቀበሉትና "ምንድን ነው ችግሩ? ምንስ ጎድሎኝ ነው የምማረው?" በሉት። ጓደኛዬ ይህንን ለታናሽ ወንድሟ አደረገችው። "መድኃኒቱ አለ፣ ግን ማቀበል አይቻልም። አንቺ ደግሞ ስንት እንደሚበላሽ ማስላት አልቻልሽም" አላት። በማግስቱ ላከችው።