“ለዚያ ነው የምንከፍለው” እና ሌሎች፦ ስለ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ቤተሰቦች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በትምህርት ቤት ቤተሰቦች መካከል ክርስቲያናዊ ምግባርና አብሮነት ይዳብር ሲባል የሚቃወም አይገኝም። ትሕትና ጥሩ ነው፣ ቸርነት ጥሩ ነው፣ መተሳሰብም ጥሩ ነው፤ ስብሰባው በጭብጨባ ያልቃል። መለያየት የሚመጣው “ታዲያ በምን መንገድ?” የሚለው ሲነሣ ነው። ከዚህ በታች ያሉት በወላጆች ስብሰባ፣ በመምህራን ክፍልና በትምህርት ቤት በር ላይ የሚደጋገሙ አባባሎች ናቸው። አብዛኞቹ ግማሽ እውነት አላቸው፤ ለማረም የሚያስቸግሩትም ለዚህ ነው።

“ምግባሩን ትምህርት ቤቱ ያስተምር፤ ለዚያ ነው የምንከፍለው”

ክፍያ የሚከፍል ወላጅ እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሒሳብን ለሒሳብ መምህር፣ ምግባርን ለግብረ ገብ መምህር መተው ሥርዓት ያለው አሠራር ይመስላል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሥራውን ያከፋፈለው በሌላ መንገድ ነው። ዘዳግም 6፥7 ወላጅ ቃሉን ለልጁ የሚያስተምርባቸውን አራት ጊዜያት ይዘረዝራል፤ በቤት ሲቀመጥ፣ በመንገድ ሲሄድ፣ ሲተኛ እና ሲነሣ። ከአራቱ አንዱም የክፍል ሰዓት አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ ወላጆች የልጆቻቸው የመጀመሪያዎቹና ዋነኞቹ አስተማሪዎች መሆናቸውን አስታውቋል።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ነገር ማንሣት ይጠቅማል። የሰንበት ትምህርት ቤትን እንቅስቃሴ በማስፋፋት የሚታወቀው እንግሊዛዊው ሮበርት ሬይክስ እ.ኤ.አ. በ1780 በግሎስተር ከተማ ሥራውን ሲጀምር ያሰባሰበው ሌላውን ቀን በሥራ የሚውሉ፣ ከእሑድ በቀር ለመማር ጊዜ የሌላቸውን ድሃ ልጆች ነበር። ሌላ አማራጭ ላልነበራቸው ልጆች የተዘረጋ እጅ ነበር ማለት ነው። ማንበብ የሚችል፣ ማታም ከልጁ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድር ወላጅ ይህን እጅ በራሱ ምትክ ከቆጠረው ነገሩ ተገልብጧል።

ይህን ካልን በኋላ ትምህርት ቤት ቤት ውስጥ የሌለ አንድ ሀብት እንዳለው መታወቅ አለበት፤ እርሱም የሌላ ሰው ልጅ ነው። ከማይወዱት የክፍል ጓደኛ ጋር አንድ ዴስክ ተጋርቶ ዓመቱን መጨረስ በየትኛውም ቤት የማይገኝ የትዕግሥት ልምምድ ነው። ወላጅ መምህሩን ሲያገኝ ከውጤት ቀጥሎ “ልጄ ከማን ጋር መሥራት ይከብደዋል?” ብሎ ቢጠይቅ ማታ ቤት ውስጥ የሚነጋገርበት ቁም ነገር ያገኛል።

“ጥቅሱን በቃሉ ካጠና ምግባሩ ይከተላል”

ጥቅስ ማጥናትን የሚንቅ አይደለሁም። በልጅነት የተያዘ ቃል በአስቸጋሪ ቀን ብቅ ይላል። ዕውቀት በራሱ ወደ ተግባር ይለወጣል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ሂዩ ሃርትሾርን እና ማርክ ሜይ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከአሥር ሺህ በላይ በሆኑ ልጆች ላይ የሐቀኝነት ፈተና አካሂደው ነበር። ልጆቹ ትክክል ስለሆነው ነገር ያላቸው ዕውቀትና በተግባር የሚያደርጉት የተሳሰሩት በላላ ክር ነበር፤ በአንድ ሁኔታ ሐቀኛ የሆነ ልጅ በሌላው ያጭበረብራል።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደነግጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው የጆን ዳርሊ እና የዳንኤል ባትሰን ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በአሜሪካ በፕሪንስተን የሚማሩ 40 የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ ሄደው አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ይልኳቸዋል። ለአንዳንዶቹ የተሰጣቸው ርእስ የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነበር። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው በር ሥር ኩርምት ብሎ እያሳለና እያቃሰተ እንዲቀመጥ ተደርጓል። ለመርዳት የሞከሩት 16 ብቻ ነበሩ። ልዩነት ያመጣው የንግግሩ ርእስ ሳይሆን ጥድፊያ ነው፤ ጊዜ እንዳላቸው ከተነገራቸው 63 በመቶው ረዱ፣ ዘግይታችኋል ከተባሉት ግን 10 በመቶው ብቻ። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊሰብክ የሚጣደፍ ሰው የወደቀውን አልፎት ሄደ!

ይህን ወደ ትምህርት ቤት በር እናምጣው። ጠዋት ነው፤ ደወል ሊደወል ትንሽ ቀርቷል። አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ የቦርሳው ዚፕ ተከፍቶ ደብተሮቹ ተበትነዋል። ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ይለቅማል። ከአጠገቡ አንድ አባት የመኪናውን ሞተር ሳያጠፋ ሴት ልጁን በክንዷ ይዞ “ፍጠኚ፣ ፍጠኚ” እያለ ይጎትታል። ልጅቱ ወደ ተበተኑት ደብተሮች ዞራ ታያለች፤ ጎንበስ ለማለትም ትሞክራለች። አባትየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ማታ ስለ ርኅራኄ ያስጠናት ሊሆንም ይችላል። ያጠረው ደቂቃ ነው። ቤተሰብ ከቤት አሥር ደቂቃ ቀድሞ ቢወጣ፣ ትምህርት ቤቱም የዘገየን ሁሉ በአንድ ዓይነት ቁጣ ባይቀበል፣ ብዙ የምግባር ስብከት ሊያመጣ ያልቻለውን ያመጣሉ። “ያረፈድሽው ልጁን ስታነሺ ከሆነ ግቢ” የሚል ዘበኛ ያለው ትምህርት ቤት ምግባር በማስተማር ላይ ነው።

“የወሩ ትሑት ተማሪ ብለን ብንሸልም ይበረታታሉ”

ትሕትናን በመድረክ ላይ መሸለም ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደሆነ ለማየት ብዙ ፍልስፍና አያስፈልግም። ማቴዎስ 6 ላይ ጌታ በሰው ፊት ለመታየት ስለሚደረግ ጽድቅ የተናገረውን ማንበብ ይበቃል።

ጥናትም አለ። ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 መሳል የሚወዱ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆኑ ሕፃናትን ለሦስት ከፈሏቸው። አንዱን ቡድን “ከሣላችሁ ሪባን ያለበት የምስክር ወረቀት ታገኛላችሁ” አሉት፤ ሁለተኛውን ሳይነግሩት ሸለሙት፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከቆይታ በኋላ በነፃ ጨዋታ ጊዜ ሲታዩ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች በመሳል ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ነበር። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ችግሩ ያለው ምስጋናው ላይ አይደለም፤ ነገሩ ንግድ ሲሆን ነው። ለአንድ ልጅ ብቻውን ሲሆን “ትናንት ለአዲሱ ተማሪ ቦታ ስትለቅለት አይቻለሁ” ማለት ከዋንጫ ይሻላል። ከዚያም በላይ የሚሻለው ኀላፊነት መስጠት ነው፤ ታናናሾችን ማስነበብ፣ ለታመመ ጓደኛ ማስታወሻ መገልበጥ፣ የተሰበረውን መጠገን።

“አብሮነት የሚመጣው በትልቅ ዝግጅት ነው”

ዝግጅት ቀድሞ የሚተዋወቁትን ያስደስታል። አዲስ የመጣች እናት ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ስልኳን እየነካካች ጥግ ላይ ትቆማለች። ለእርሷ የሚያስፈልጋት አንድ ቤተሰብ ነው፤ ለአንድ ወሰነ ትምህርት “የደብተሩ ዓይነት የትኛው ነው? የትኛው መምህር ጋ ልሂድ?” ብላ የምትደውልለት። ኮሚቴው ዓመታዊውን በዓል ከማሰናዳቱ በፊት እያንዳንዱን አዲስ ቤተሰብ ከአንድ ነባር ቤተሰብ ጋር ቢያገናኝ ወጪው ምንም ነው።

ብዙም የማይነገር ሌላ ነገር አለ። ሰዎችን የሚያቀራርበው መስጠት ብቻ አይደለም፣ መጠየቅም ነው። ሁሉን በራሱ የሚያሟላ፣ “ዛሬ ልጄን ይዛችሁልኝ ትቆያላችሁ?” ብሎ የማያውቅ ቤተሰብ ቸር ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤት ለመሆን ግን ይከብደዋል። ገላትያ 6፥2 አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ሲያዝዝ ሸክሙን የሚያሳይ ሰው መኖሩን አስቀድሞ ታሳቢ አድርጎ ነው።

“ክርስቲያኖች ስለሆንን ጠብ አይኖርም”

የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ 2 የሚወድ ሰው እስከ ምዕራፍ 6 ቢዘልቅ ጥሩ ነው። ሁሉ የጋራ በነበረበት በዚያው ማኅበር የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ አይሁድ “መበለቶቻችን በዕለታዊው እደላ ተዘነጉ” ብለው አንጎራጎሩ። ሐዋርያት “በቤተ ክርስቲያን ይህ አይባልም” ብለው ዝም አላሰኟቸውም። ማኅበሩ ሰባት ሰዎች መረጠ፤ የሰባቱም ስም ግሪክኛ ነው። ቅሬታ ካቀረበው ወገን ሰው መርጦ ኀላፊነቱን መስጠት ለማንኛውም የወላጅ ኮሚቴ የሚሆን ጥበብ ነው። ጳውሎስና በርናባስም በማርቆስ ምክንያት ክፉኛ ተከራክረው ተለያይተዋል፤ ከዓመታት በኋላ ያው ጳውሎስ ማርቆስ ለአገልግሎት ስለሚጠቅመው ይዘኸው ና ብሎ ለጢሞቴዎስ ይጽፋል።

ዛሬ ጠቡ የሚነሣው በአብዛኛው በስልክ ነው። የክፍሉ ወላጆች የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ማታ ላይ አንድ መልእክት ይገባል፦ “ልጄን የሚገፋ ልጅ አለ፤ ወላጆቹ እያነበባችሁ ነው።” ስም የለም፣ ሁሉም ግን ያውቃል። አንዱ “አሜን” ይላል፣ ሌላዋ የምታለቅስ ምስል ትልካለች፣ ሦስተኛው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ይለጥፋል። ጥቅሱ ለማስታረቅ ይሁን ለመውጋት አይለይም። የተነካችው እናት ሳትመልስ ከቡድኑ ትወጣለች። ማቴዎስ 18፥15 የሚያዝዘው መጀመሪያ ለብቻ ሆኖ መነጋገርን ነው፤ ወደ ማኅበሩ መውሰድ የሚመጣው ሁለት ደረጃዎች ካለፉ በኋላ ነው። የቡድኑ አስተዳዳሪ የሌላ ሰው ልጅ ጉዳይ እዚያ እንዳይነሣ አንድ ደንብ ቢያወጣና እርሱንም ያለ አድልዎ ቢያስከብር ከብዙ የዕርቅ ስብሰባ ያድናል።

“ይቅር ካልን ጉዳዩ ይዘጋል”

ይህ ከሁሉም የከፋው ስሕተት ነው፤ ልጅ ሊጎዳበት ይችላልና። አንድ ልጅ በሌላ ተማሪ ሲደበደብ፣ ይባስ ብሎም በአዋቂ ሰው ሲነካ፣ “የትምህርት ቤቱን ስም እንጠብቅ፣ ክርስቲያኖች አይደለንም እንዴ” የሚል ድምፅ መሰማቱ አይቀርም። ያ ድምፅ የሚጠቅሰው “ሰባ ጊዜ ሰባት” የሚለውን ነው። እስቲ ምዕራፉ ከየት ይጀምራል? ማቴዎስ 18 ላይ ጌታ መጀመሪያ አንድ ሕፃን ጠርቶ በመካከላቸው አቆመ። ቀጥሎ ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል ሰው የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ በባሕር ቢሰጥም እንደሚሻለው ተናገረ። ከዚያ የጠፋው በግ፣ ከዚያ ወንድምን መውቀስ፣ በመጨረሻም ሰባ ጊዜ ሰባት። የይቅርታው ትምህርት ሕፃኑን በመካከል አቁሞ የተሰጠ ነው።

ስለዚህ በአዋቂ የተፈጸመ ጥቃት ለሕግ ይነገራል፤ የትምህርት ቤቱ ሽማግሌዎች መርማሪም ዳኛም አይደሉም። ጥርጣሬው የወደቀበት ሰው ጉዳዩ እስኪጣራ ከልጆች ይርቃል። ቀድሞ የሰሙት በሰሙበት ቀን በጽሑፍ ያስቀምጣሉ። የተጎዳውን ልጅ በሰዎች ፊት አቁሞ “ይቅር ብዬሃለሁ በል” ማስባል ደግሞ ሌላ ጉዳት ነው። ይቅርታ በራሱ ጊዜ የልጁ ይሆናል፤ ጥበቃው ግን ዛሬውኑ የአዋቂዎች ግዴታ ነው።

“ልጁ ካጠፋ ቤቱን ማየት ነው”

ዔሊ የገዛ ልጆቹን ማረም አልቻለም፤ በዚያው ቤት ግን ሳሙኤል ነቢይ ሆኖ አደገ። የሳሙኤል ልጆች በተራቸው ጉቦ ተቀባዮች ሆኑ፣ 1ኛ ሳሙኤል 8፥3። ጢሞቴዎስ በበኩሉ እምነቱን ያገኘው ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ነው፤ አባቱ የግሪክ ሰው ነበር። “የተሟላ ቤተሰብ” የሚባለውን መስፈርት የማያሟሉ ቤቶችን በጎሪጥ የሚያይ የወላጆች ማኅበር የጢሞቴዎስን እናትም አግልሎ ይሆን ነበር።

“መዋጮውን በስም ብንለጥፍ ሌላውን ያነሣሣል”

የከፈለው ስሙን እያየ ያልፋል፤ ያልከፈለው ደግሞ ልጁን ከበር መልሶ ዞር ይላል። ያዕቆብ 2 የወርቅ ቀለበት ያደረገውን በክብር አስቀምጦ ድሃውን “ወዲያ ቁም” የሚልን ጉባኤ የሚወቅሰው በዚህ ምክንያት ነው። የከፈለው ማን እንደሆነ ገንዘብ ያዡ ብቻ ይወቅ፤ ለጉዞም ሆነ ለመጽሐፍ ያጠረው ቤተሰብ ማመልከቻ ጽፎ ኮሚቴ ፊት ከሚቆም ለአንድ ሰው በቃል ነግሮ የሚጨርስበት መንገድ ይኑረው። ዝርዝሩ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በዚህ ሳምንት ሊወርድ ይችላል።