ራዲያል፦ ወደ ጣቢያው ወይስ ከጣቢያው?

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ለገሃር ጋ ቁሙ። ሽቅብ፣ በስተሰሜን፣ ማዘጋጃ ቤቱ አለ። እሱን ቪኦአር የሚባለው፣ ለአውሮፕላን አቅጣጫ የሚጠቁመው የሬዲዮ ጣቢያ ነው እንበል። እናንተ በስተደቡብ ስለሆናችሁ ራዲያላችሁ፣ ማለትም ከጣቢያው ሲታይ ያላችሁበት አቅጣጫ በዲግሪ፣ 180 ነው። ወደ ፒያሳ ብትወጡም 180፣ ዞራችሁ ጀርባ ብትሰጡትም 180። ራዲያል ሁሌም የሚቆጠረው ከጣቢያው ወደ ውጭ ነው፤ አፍንጫችሁ ወዴት እንደዞረ ግድ የለውም። ወደ ጣቢያው ለመብረር ግን አቅጣጫው 360 ነው። በመሣሪያ መብረር የሚማር ሰው የሚምታታበት እዚህ ጋ ነው። ራዲያሉን የምታሳየው የመሣሪያዋ መርፌ ደግሞ አፍንጫችሁ ወዴት እንደዞረ አትናገርም፤ ዝም ነው የምትለው።

አውሮፕላኑን ከላይ የሚያሳየው የካርታ ስክሪን የሚጠቅመው ለዚህ ነው፦ መርፌዋ ስትንቀሳቀስ ያላችሁበትን ቦታ አብራችሁ ታያላችሁ። ቆይቶ ግን ስክሪኑ ቢሸፈን ይሻላል። አለዚያ የምትለምዱት መርፌ ማንበብ ሳይሆን ካርታ ማየት ነው።