ሞሊብዲነም-99፦ ከሪአክተር እስከ ሆስፒታል የሚያጣሩት ሶርበንቶች

ሞሊብዲነም-99 ጨረር አመንጪ ነው፤ ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ የሚፈርስበት ጊዜ፣ 66 ሰዓት። ሲፈርስ አብዛኛው ወደ ቴክኒሺየም-99ኤም ይለወጣል። በኑክሌር ሕክምና ምርመራ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ይሄኛው ነው። ልብ፣ አጥንት፣ ኩላሊትና የታይሮይድ ዕጢ ይታዩበታል። ግን ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ከሩቅ አምጥቶ ማከማቸት አያዋጣም። ስለዚህ የሚጓጓዘው እናትየው ሞሊብዲነም ነው። እሱም ቢሆን በየሰዓቱ 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ማጣራቱ ፋታ አይሰጥም።

አብዛኛው የሚገኘው በሪአክተር ውስጥ ዩራኒየም-235 ሲሰነጠቅ ነው። ከ100 ስንጥቆች 6ቱ ያህል ሞሊብዲነም-99 ይሰጣሉ። አብረውት አዮዲን፣ ሲዚየም፣ ሩቴኒየምና ሌሎችም ይወጣሉ። አንዳቸውም ወደ ታካሚ ደም ሥር መግባት የለባቸውም።

እዚህ ላይ ነው ሶርበንት የሚገባው፤ ፈሳሽ ሲያልፍበት የተፈለገውን ነገር ገጽታው ላይ ይዞ የሚያስቀር ጠጣር ነገር ነው። በአንደኛው መንገድ ዩራኒየሙ ያለበት የአሉሚኒየም ቅይጥ በጠንካራ አልካሊ ይሟሟል። ዩራኒየሙና ብዙው ቆሻሻ ደለል ሆኖ ይቀራል፤ ሞሊብዲነሙ ከፈሳሹ ጋር ይወጣል። ቀጥሎ አሉታዊ አዮኖችን (አሉታዊ ቻርጅ ያላቸውን ቅንጣቶች) የሚይዝ ሬዚን ላይ ሲያልፍ ሞሊብዲነሙ ይያዛል፣ ሲዚየሙ ግን ያልፋል። አዮዲኑን ለመያዝ ብር ያለበት ሶርበንት ይጠቀማሉ። ሥራው ሁሉ ወፍራም መከለያ ባለው ክፍል ውስጥ፣ ከውጭ በሚንቀሳቀሱ ሜካኒካል እጆች ይከናወናል።

እኔን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ አሉሚና ነው። ተራ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ነው። ፈሳሹ አሲዳማ ሲሆን ሞሊብዲነምን አጥብቆ ይይዛል፤ አልካላይ ሲሆን ይለቃል። የሆስፒታሉ ጀነሬተርም፣ ማለትም ከሞሊብዲነም ቴክኒሺየም የሚቀዳበት ዕቃ፣ በዚሁ አጥብቆ የመያዝ ጠባይ ይሠራል። በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ በብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ዋልተር ተከርና ማርጋሬት ግሪን ፈጠሩት። ሞሊብዲነም የተያዘበት አሉሚና ትንሽ ቱቦ ውስጥ ይቀመጣል። ሞሊብዲነሙ ያለበት አዮን፣ ሞሊብዴት፣ ሁለት አሉታዊ ቻርጅ ስላለው ይጣበቃል። ከእሱ የተወለደው የቴክኒሺየም አዮን፣ ፐርቴክኔቴት፣ አንድ ብቻ ስላለው በ0.9 በመቶ የጨው ውሃ ታጥቦ ይወርዳል። በማግስቱ አዲስ ቴክኒሺየም ተጠራቅሞ ይጠብቃል። ባለሙያዎቹ ጀነሬተሩን «ላም» የሚሉት በየቀኑ ስለሚታለብ ነው።

የአሉሚና ድክመት አቅሙ ነው፤ 1 ግራም አሉሚና ከ20 ሚሊግራም ያህል ሞሊብዲነም በላይ አይሸከምም። ከዩራኒየም ለተገኘው ይበቃል። ዩራኒየም ሳይነካ፣ ሞሊብዲነም-98 ኒውትሮን እንዲውጥ ተደርጎ ሲሠራ ግን ጨረር የሌለው ሞሊብዲነም ስለሚበዛ ቱቦው ትልቅ፣ የሚወርደውም ፈሳሽ ቴክኒሺየሙ የሳሳ ይሆናል። ጃፓኖች የዚርኮኒየም ፖሊመሮችን ያጠኑት ለዚህ ነው። የቲታኒየም ኦክሳይድ ሶርበንት ደግሞ የዩራኒየም ጨው ከሟሟበት ፈሳሽ ሞሊብዲነሙን ለቅሞ ለማውጣት ይሠራበታል።

አምራቾቹ ጥቂት ናቸው። በ2009 የካናዳው ቾክ ሪቨር ሪአክተር ሲቆም ሆስፒታሎች ምርመራ እስከ ማዘግየት ደርሰው ነበር። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ በፔሊንዳባው ሳፋሪ-1 ሪአክተር ለዓለም ገበያ ታቀርባለች።

ሆስፒታል ከደረሰም በኋላ ፍተሻ አለ። ከአሉሚናው አምልጦ የወረደ ሞሊብዲነም ለታካሚው አላስፈላጊ ጨረር ይጨምራል። በአሜሪካ ደንብ መድኃኒቱ በሚሰጥበት ሰዓት ለ1 ሜጋቤኬሬል (ቤኬሬል የጨረር አመንጪነት መለኪያ ነው) ቴክኒሺየም ከ0.15 ኪሎቤኬሬል በላይ ሞሊብዲነም ከተገኘ ለሰው አይሰጥም።