የኦንታ ሸክላ፦ በውሃ ዘነዘና ዙሪያ የቆመ የቤተሰብ ሙያ

የኦንታ ሸክላ የሚሠራው በደቡብ ጃፓን፣ በኪዩሹ ደሴት፣ በሂታ ከተማ ሥር ባለች ሳራያማ በምትባል የተራራ መንደር ነው። ሸክላ ሠሪ ቤቶቹ አሥር ገደማ ናቸው። ሙያው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1705 ነው። ያናሴ ሳንኤሞን የተባለ ሸክላ ሠሪ ከጎረቤት ኮይሺዋራ መጣ። ገንዘቡን የኩሮኪ፣ መሬቱን የሳካሞቶ ቤተሰብ አቀረበ። ዛሬም መንደሩ ውስጥ በብዛት የሚሰሙት እነዚሁ ስሞች ናቸው።

ከውጭ የመጣ ሰው ሙያውን አይማርም። አባት ለልጁ፣ ያውም ለአንዱ ልጅ ብቻ ያወርሳል። ይህ ወግ አጥባቂነት ብቻ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ትልቁን ድርሻ ለአፈሩ እሰጣለሁ።

አፈሩ ከአጠገባቸው ካለው ተራራ ተቆፍሮ ለቤቶቹ ይከፋፈላል። ጠንካራ ስለሆነ መወቀጥ አለበት። የሚወቅጠው ደግሞ ወንዙ ነው! ካራኡሱ የሚሉት መሣሪያ ትልቅ ግንድ ነው፤ አንዱ ጫፉ እንደ ገንዳ ተቦርቡሯል። ገንዳው ውሃ ሲሞላ ያዘነብልና ይደፋል። ያኔ ሌላው ጫፍ ዱብ ብሎ አፈሩን ይወቅጣል። ቀንም ሌሊትም እንዲሁ ነው። አፈሩ እስኪልም ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ ገና በውሃ ይበጠበጣል፣ ይጣራል፣ ይጠነፍፋል። በዚህ ፍጥነት የሚገኘው ጭቃ ለአባትና ለልጅ ቢበቃ ነው። ሌላ ሠራተኛ ቢቀጠር ምን ይሠራል? የካራኡሱው ድምፅ በ1996 ጃፓን ሊጠበቁ ይገባል ካለቻቸው 100 ድምፆች አንዱ ሆኗል።

ዕቃው የሚቀረጸው በእግር በሚገፋ መንኮራኩር ላይ ነው። ጭቃው ብረት ስላለበት ሲተኮስ ይጠቁራል። ስለዚህ ላዩን ነጭ ቀጭን ጭቃ ይቀቡታል። ዕቃው እየዞረ ተጣጣፊ የብረት ስለት ያስጠጉበታል። ስለቱ እየነጠረ ነጩን በትናንሹ ይጭረዋል። ከአሮጌ ሰዓት ሞላ የሚሠሩትም አሉ። የሚተኮሰው በእንጨት ነው። ከቤቶቹ የተወሰኑት ተዳፋት ላይ የተደረደሩ ክፍሎች ያሉትን ትልቅ እቶን በጋራ ይጠቀማሉ። በዕቃው ላይ የሠሪው ስም አይጻፍም።

የጃፓን የሕዝብ እደ ጥበብ ንቅናቄ መሥራች ያናጊ ሶኤትሱ በ1931፣ እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች በ1954 መንደሩን ጎብኝተው ዝናው ወጣ። መንግሥትም በ1995 ሙያውን የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ አድርጎ መዘገበው። በ2017 የጣለው ከባድ ዝናብ ካራኡሱዎቹን ክፉኛ ቢጎዳም መንደሩ ወደ ሥራው ተመልሷል። ሸክላ መግዛት የፈለገ በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ የሚካሄደው የሸክላ ገበያ ቢሄድ ይመረጣል፤ ዕቃው የሚሸጠው እዚያው መንደሩ ውስጥ፣ በሠሪዎቹ ደጃፍ ነው።