አረንጓዴው የሰማይ ድንጋይ፦ ተራ ሰው ባለ ኃይል የሚሆንበት ታሪክ

በሱፐርሂሮ ታሪኮች ውስጥ ተራ ሰው ድንገት ኃይል የሚያገኝበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱን ሸረሪት ይነድፈዋል። ሌላው ላብራቶሪ ውስጥ አደጋ ይደርስበታል። እዚህ የምናየው አንዱን መንገድ ብቻ ነው፦ ከሰማይ የሚወድቅ፣ ጨረራ ያለው ድንጋይ። ዋናው ምሳሌ ክሪፕቶናይት ነው። ክሪፕቶናይት ሲባል ሁሉም ሰው ትዝ የሚለው ሱፐርማንን የሚያደክመው ድንጋይ ነው። ሰው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን ብዙም አይወራለትም። በአማርኛ ተጽፎ አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ የማውቀውን እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው ይህ ነው። ሱፐርማን የተወለደባት ፕላኔት ክሪፕቶን ፈነዳች። ወላጆቹ ሕፃኑን በመንኮራኩር ወደ ምድር ላኩት። የፕላኔቷ ስብርባሪም በጠፈር ተበተነ። ምድር ላይ የሚወድቀው ድንጋይ የእሷ ስባሪ ነው። በ1898 ከተገኘው ክሪፕቶን ከሚባለው ጋዝ ጋር በስም ብቻ ይገናኛሉ።

ሐሳቡ በጽሑፍ የሰፈረው በ1940 ነው። የሱፐርማን ደራሲ ጄሪ ሲግል በዚያ ዓመት ስለ አንድ የክሪፕቶን ማዕድን ታሪክ ጻፈ። ማዕድኑን «ኬ ሜታል» አለው። ኬ ሜታል ሱፐርማንን ያደክማል፤ ተራውን ሰው ደግሞ ከሰው በላይ ያደርገዋል። ሁለቱም ነገር እዚያው አንድ ታሪክ ውስጥ አለ። ታሪኩ ግን ሳይታተም ቀረ። በዚያው ታሪክ ሱፐርማን ማንነቱን ለሚወዳት ጋዜጠኛ ለሎይስ ሌን ይገልጥ ነበርና አዘጋጆቹ የተቃወሙት በዚህ ነው ይባላል። ጽሑፉ በ1988 ከኩባንያው መዝገብ ቤት እስኪገኝ ድረስ ተረስቶ ነበር። እኔ ክሪፕቶናይት ሰውን የሚለውጥበት ታሪክ ኋላ የመጣ ፈጠራ ነው ሲባል የማልቀበለው ለዚህ ነው። ከመጀመሪያው የነበረ ነገር ነው።

ክሪፕቶናይት የሚለው ስም ለሕዝብ የተሰማው በሬዲዮ ነው፤ በሰኔ 1943፣ በሱፐርማን ተከታታይ ድራማ ላይ። ድንጋዩ የተፈጠረው ዋናው ተዋናይ ባድ ኮሊየር እረፍት እንዲወጣ ነው የሚል ወሬ አለ። ሱፐርማን ታምሞ ሲያቃስት ሌላ ሰው ሊተካው ይችላል ከሚል ነው። ወሬው ደስ ይላል፤ እውነትነቱ ግን ያከራክራል።

ለርዕሳችን ትልቁ ነገር የመጣው በ1945 መገባደጃ፣ ሂሮሺማ በቦምብ ከወደመች ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። በዚያው የሬዲዮ ድራማ አንድ የናዚ ሳይንቲስት ክሪፕቶናይትን አቅልጦ ሃይንሪክ ሚልክ የሚባል ወጣት ደም ውስጥ ይጨምረዋል። ወጣቱ «አቶም ማን» ሆነ። ከእጁ መብረቅ የመሰለ ኃይል ይወጣል፤ ሱፐርማንንም ሊገድለው ይደርሳል። አድማጩ አቶም የሚለውን ቃል ገና በጋዜጣ እየለመደ ነበር። ከሰማይ የመጣ ድንጋይ፣ ጨረራ፣ ተራ ሰው፣ ኃይል፤ አራቱም ተሟልተው የተገኙት እዚህ ነው።

በኮሚክ መጽሐፍ ክሪፕቶናይት የታየው በ1949 ነው። ያኔ ቀይ ነበር። አረንጓዴ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው።

የሰማይ ድንጋይ ክሪፕቶናይት ብቻ አይደለም። ስሙ በሬዲዮ በተሰማበት በ1943 ቫንዳል ሳቬጅ የሚባል ጠላት በሌላ ኮሚክ ታየ። ከ50,000 ዓመት በፊት የኖረ የዋሻ ሰው ነው፤ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ጨረራ ነክቶት የማይሞት ሆኗል።

ከ1961 ጀምሮ ሌላው የኮሚክ አሳታሚ ማርቭል ጨረራን በሰፊው ተጠቀመበት፤ ነገር ግን ከድንጋይ ይልቅ የጠፈር ጨረር፣ ቦምብና ሸረሪት ነበር ያመጣው። በ1966 የመጣችው ዋካንዳ የምትባል ምናባዊ የአፍሪካ አገር ግን ቫይብራንየም በሚባል ከሰማይ በወደቀ ብረት ላይ ቆማለች። በ1993 ደግሞ ሮበርት ታውንሴንድ በሠራው ፊልም አንድ የዋሽንግተን ዲሲ አስተማሪ አረንጓዴ የሚያበራ የሰማይ ድንጋይ ደረቱን መትቶት ባለ ኃይል ይሆናል።

አሁን ወደ ስሞልቪል እንምጣ። ጥቅምት 16 ቀን 2001 የጀመረው ይህ የቴሌቪዥን ድራማ 10 ሲዝን ሄዶ በግንቦት 2011 አለቀ። አልፍሬድ ጎፍና ማይልስ ሚላር ፈጠሩት። ክላርክ ኬንት፣ ማለትም ወደፊት ሱፐርማን የሚሆነው ልጅ፣ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ የሚኖረው ስሞልቪል በምትባል በአሜሪካ ካንሳስ የገበሬ ከተማ ነው። ዋናው ፈጠራ ቀላል ነው። ሕፃኑ ክላርክ በ1989 ወደ ምድር ሲመጣ አረንጓዴ ድንጋይ አብሮት እንደ በረዶ ከተማዋ ላይ ይዘንባል። ድንጋዩ በየማሳው፣ በየወንዙ፣ በየጓሮው ቀረ። ነዋሪው አብሮት ኖረ። የከተማዋ መግቢያ ላይ ያለው ሰሌዳ እንኳን ተለወጠ፤ በፊት የሚኮራው በበቆሎዋ ነበር፣ በኋላ «የዓለም የሜትዮር መዲና» አለ።

የመጀመሪያው ክፍል አከፋፈት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። በኋላ የሱፐርማን ዋና ጠላት የሚሆነው ሌክስ ሉተር፣ ያኔ ትንሽ ልጅ፣ በበቆሎ ማሳ ውስጥ ይሮጣል። አንድ ልጅ እንጨት ላይ ታስሮ ያገኛል። ደረቱ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ትልቅ ኤስ አለ። ተማሪዎች ለመሳለቂያ ብለው እንደ ወፍ ማስፈራሪያ የሰቀሉት ልጅ ነው። «እርዳኝ» ይላል። ሰማዩ የሚፈነዳው በዚያች ደቂቃ ነው። ሌክስ ፀጉሩን አጣ። የታሰረው ልጅ ጄረሚ ለ12 ዓመት ራሱን ሳያውቅ ተኛ። ሲነቃ ዕድሜው አልጨመረም፣ ሰውነቱ ግን ኤሌክትሪክ ይረጫል። ቂሙን ለመወጣት ወደዚያች ከተማ ተመለሰ።

የስሞልቪል ድንጋይ ለሁሉም አንድ ዓይነት ኃይል አይሰጥም። ኃይሉ ሰውየው በዚያ ሰዓት በምን ላይ እንደነበረ ይወሰናል። ነፍሳት የሚሰበስበው ግሬግ የነፍሳት ጠባይ ይይዛል። በረዶ ሐይቅ ውስጥ የሰመጠው ሾን ሙቀት ይርበዋል፤ የነካውን ሁሉ በረዶ ያደርገዋል። ቁጡው የአሜሪካ እግር ኳስ አሠልጣኝ በሚታጠንበት ሳውና (የሙቀት ክፍል) ውስጥ ያሉት ድንጋዮች ከነዚያው ነበሩ፤ እሳትን የሚያዝ ሆነ። ለእኔ የድራማው ጥበብ ይህ ነው። ድንጋዩ ከውጭ አዲስ ሰው አያመጣም፤ ውስጥ የነበረውን ያጎላዋል።

የክላርክ ጓደኛ ክሎዪ በትምህርት ቤቱ ጋዜጣ ቢሮ ውስጥ አንድ ግድግዳ አላት። የጋዜጣ ቁራጭ ተለጥፎበታል፤ ሁሉም ድንጋዩ ከወደቀ ወዲህ የሆነ እንግዳ ነገር ነው። በአማርኛ የጉድ ግድግዳ ብንለው ይሻላል። መሃሉ ላይ የታይም መጽሔት ሽፋን አለ፤ ወላጆቿ በድንጋዩ የሞቱባት ትንሿ ላና ስታለቅስ ይታያል። ክላርክ ያንን ሲያይ ነው የከተማዋ መከራ ከእሱ ጋር እንደመጣ የሚገባው። ላና ደግሞ ከዚያው ድንጋይ የተሠራ ሐብል አንገቷ ላይ ታስራለች። ስለዚህ ክላርክ ወደሚወዳት ልጅ በቀረበ ቁጥር ጉልበቱ ይከዳዋል።

ድንጋዩ ሰውን ያሳብዳል ወይስ አያሳብድም የሚለው ብዙ ያከራክራል። በመጀመሪያው ሲዝን ኃይል ያገኘው ሁሉ ወደ ወንጀል ይሄዳል ማለት ይቻላል። ብዙዎች ድራማውን የሚተቹት በዚህ ነው፤ በየሳምንቱ አዲስ ጭራቅ ይላሉ። ትችቱ ሙሉ ለሙሉ ልክ አይደለም። በዚያው ሲዝን ካይል ቲፔት የሚባል ሰው አለ። በመጨበጥ ብቻ ሰውን ማሳመን ይችላል፣ ኃይሉን ግን ላለመጠቀም ብሎ ጫካ ገብቷል። በኋላ ደግሞ ክሎዪ ራሷ ባለ ኃይል ሆና ትገኛለች፤ ኃይሏም ሰውን መፈወስ ነው። ያኔ ግድግዳው ላይ የለጠፈቻቸው ሰዎች የራሷ ወገኖች ሆኑ። ሌክስ በበኩሉ እነዚህን ሰዎች እያደነ 33.1 በሚባል ድብቅ ላብራቶሪ ይቆልፍባቸው ነበር።

ወደ እውነተኛው ዓለም ስንመጣ የሰማይ ድንጋይ ጨረራው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ተራ በሚባሉት የሰማይ ድንጋዮች ውስጥ ያለው ዩራኒየም በግራናይት ካለው ከመቶ እጥፍ በላይ ያንሳል። በኅዳር 1954 በአሜሪካ አላባማ፣ ሲላኮጋ ከተማ፣ 4 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የሰማይ ድንጋይ የቤት ጣሪያ በስቶ ገባ። መጀመሪያ ሬዲዮ ላይ ነጠረ፣ ከዚያ ሶፋ ላይ የተኛችን ሴት ዳሌዋ ላይ መታት። ያተረፈችው ትልቅ ሰንበር ነው።

በሰርቢያ ያዳር ሸለቆ ደግሞ አንድ አዲስ ማዕድን ተገኝቶ ነበር። በ2007 የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሊቃውንት ሲመረምሩት የኬሚካል ስሙ በ2006ቱ የሱፐርማን ፊልም ላይ በክሪፕቶናይት ሳጥን ላይ ከተጻፈው ጋር በጣም ተቀራራቢ ሆኖ አገኙት። የጎደለው ፍሎሪን ብቻ ነው። ስሙን ያዳራይት አሉት። ጨረራ የለውም፣ አረንጓዴም አይደለም። ነጭ ዱቄት ይመስላል፤ አልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት ግን ወደ ሮዝ ያደላ ብርቱካናማ ብርሃን ይሰጣል።